ጀበናዋን ወደን ስኒዋን ስንለይባት

ይህን ደብዳቤ የላከችልን የጅማ ልጅ ናት። ስሟን አልጻፈችም፤ ሰፈሯን ጽፋ ነበር፣ እሱን እኔ አውጥቼዋለሁ። ረጅም ስለነበር ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ሰላም እትዬ። 33 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው አራት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ከስምንት ወር በፊት የጥግ ክፍሏን አንዲት ሴት ተከራየች። ወላጆቿ ከከተማ ወጣ ብለው ሸክላ ይሠራሉ፤ እሷም ትሠራለች። ጀበናና ምጣድ ሐሙስ ሐሙስ ገበያ ታወጣለች።

ግቢያችን ቡና በየተራ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አብራን ትጠጣ ነበር። ከዚያ የአማቴ ጓደኛ መጥታ ‹የእነማን ወገን እንደሆነች ታውቃላችሁ?› አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስኒዋ ተለየ። አፏ የተሸረፈ፣ ቀይ አበባ ያለባት ስኒ ናት። ከሌሎቹ ጋር አትታጠብም፤ መስኮት ላይ ትቀመጣለች። ማንም በአፉ አልነገራትም፣ ግን ታውቃለች። ስትመጣ ራሷ ስኒዋን ከመስኮቱ አንስታ ነው የምትቀመጠው።

ክርስቲያን ናት። ማተቧን አስራለች፤ እሑድ ከኛ ቀድማ ቤተ ክርስቲያን ትደርሳለች። ቤቷ ቡና ስታፈላ ግን ማንም አይሄድላትም። ከበር ማዶ ያሉት አዴ ብቻ ይሄዳሉ፤ እሳቸው ሙስሊም ናቸው። ስወልድ ገንፎ ይዛ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። አማቴ በር ላይ ተቀብለው አመስግነው ሸኟት፣ ከዚያ ለውሻ ደፉት። አልጋዬ ላይ ሆኜ አየሁ። አሁን ሕፃኑ አምስት ወሩ ነው፤ እሷ ስትመጣ አማቴ ይሸፍኑታል፣ ‹ዓይኗ› ይላሉ። የሴቶች እድራችን ልግባ ብላ ስትጠይቅ ‹ሞልቷል› ተባለች፤ በወሩ ሌላ ሴት ገባች።

እኔ ዝም ብያለሁ። በስውር ግን እረዳታለሁ። ያገለገሉ ልብሶች፣ ለበዓል ዘይትና ዱቄት በትልቋ ልጄ እልክላታለሁ። እጸልይላታለሁም። ባለፈው ልጄ፣ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ‹እማዬ፣ እሷ በሽታ አለባት?› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ባሌ ‹ያልነካሽን አትንኪ› ይለኛል። እትዬ፣ የማደርገው አይበቃም? ፊት ለፊት ብናገር ከግቢው ጋር እጣላለሁ። አማቴንም ማስቀየም አልፈልግም።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺም ለልጆችሽም።

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ። የያዘችኝ ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት፤ ራሷ ስኒዋን ከመስኮቱ አንስታ ትቀመጣለች ያልሽው። እስቲ አስቢው። ቡና ተጠርታ ትመጣለች። እንደምን ዋላችሁ ትላለች። ከዚያ የመለያዋን ዕቃ በገዛ እጇ አንስታ ታቀርባለች፣ እናንተ እንዳትቸገሩ። የእናንተን ኃፍረት እሷ ትሸከምላችኋለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ወር።

ስለዚህ አጭሩን መልስ መጀመሪያ ልስጥሽ። አይበቃም።

አይበቃም ስልሽ ዘይቱና ዱቄቱ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። በዚህ ኑሮ ዘይት የላከ ሰው ትልቅ ነገር ልኳል፣ እግዜር ይቁጠርልሽ። ግን ለምን በልጅሽ ትልኪዋለሽ? ለምን በስውር? «ግራ እጅህ ቀኝ እጅህ የምታደርገውን አትወቅ» ይላል እንዳትዪኝ ብቻ፤ እሱን እኔም አውቀዋለሁ። እዚያ ጌታ ተደበቁ ያለው ከሚያሞግስ ዓይን ነው። አንቺ የተደበቅሽው ከሚወቅስ ዓይን ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብለሽ ከሆነ፣ በናንተ ግቢ ያለው ጀበና ሁሉ ሸክላ ነው። እንጀራችሁ የሚጋገረውም ምናልባት በሸክላ ምጣድ ነው። ማን ሠራው? እሷ፣ ወይም እናቷ፣ ወይም አክስቷ። ጭቃውን በእጃቸው አቡክተው፣ በጣታቸው አለስልሰው፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ከፍተው ነው የሠሩት። ያ እጅ የነካው ጀበና ውስጥ የፈላውን ቡና ትጠጣላችሁ፤ ያ እጅ የያዘው ስኒ ግን ያስጸይፋችኋል። እኔ በበኩሌ ይህ ነገር የት ላይ እንደሚያያዝ ዕድሜ ልኬን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ዕድሜ ልኬን ያልኩት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። እዚያው ጅማ፣ ሄርማታ ሰፈር፣ አያቴ ቤት ነው ያደግሁት። ገበያ ቀን ምጣድ የሚሸጡ ሴቶች በደጃችን ያልፉ ነበር፣ ሸክላውን በገለባ ጠቅልለው አዝለው፣ አንገታቸው ወደ ፊት ተሰብሮ። አንድ ቀን አንዷ ውኃ ለመነች። አያቴ ደግ ሴት ነበረች፣ ለማኝ ባዶ እጁን አይመለስባትም። «አጠጪያት» አለችኝ። ጣሳውን ይዤ ላቀብላት ስል አያቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሴትዮዋ አየችው። ምንም ሳትል ሁለት መዳፏን እንደ ኩባያ ገጥማ ዘረጋችልኝ። እኔ ከላይ አፈሰስኩ። ልጅ ነኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ ውኃ ደረቷ ላይ ሄደ። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» ብላኝ የቀሚሷ ፊት እንደ ረጠበ ወደ ገበያው ወረደች። አያቴ በማግስቱ እንጀራ ጋገረች። ምጣዱን ከዚያችው ሴት ነበር የገዛችው።

እና አየሽ፣ አያቴ ክፉ አልነበረችም። አማትሽም ክፉ አይመስሉኝም። የዚህ ነገር ከባድነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ደግ ሰዎች ናቸው የሚያደርጉት።

አድጌ ሥራ ይዤ፣ ደመወዝ ሳገኝ፣ እኔ ከአያቴ እሻላለሁ ብዬ አስብ ነበር። ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት አውቅ ነበርና በየፋሲካው ልብስ እሰጣታለሁ፣ ለልጆቿ ደብተር እገዛለሁ። ልክ እንዳንቺ። አንድ ዓመት የበዓል ዋዜማ ቤቴ መጣች፤ ከነጠላዋ ሥር ጀበና አወጣች። ትንሽ፣ ጥቁር፣ አንገቷ ላይ የተጠቀጠቀ ጌጥ ያላት። «ላንቺ ብዬ የሠራኋት ናት» አለችኝ። እኔ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ቦርሳዬን ከፈትኩ። ስንት ነው አልኳት። አይ፣ ስጦታ ነው አለች። አይሆንም፣ አንቺ ተቸግረሽ እንዴት በነጻ እወስዳለሁ ብዬ ብሩን በግድ እጇ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም ብላ አየችው። ረከቦቴ ላይ አስቀምጣው ወጣች። ከዚያ በኋላ ልብስ ልሰጣት ስጠራት አልመጣችም።

ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ አንድ ቀን እንኳ ሰጪ ልትሆን ፈልጋ ነበር። እኔ ግን ከተቀባይነት እንድትወጣ አልፈቀድኩላትም። ደግነቴን ለመጠበቅ ስል ክብሯን ነጠቅኳት።

አሁን ወደ ገንፎው ልመልስሽ። አራስ መጠየቅ የጎረቤት ወግ ነው። ያቺ ሴት ገንፎ ይዛ የመጣችው ልትረዳሽ ብቻ አይደለም፣ ጎረቤትሽ ነኝ ልትልሽ ነው። ገንፎው ለውሻ ተደፋ። እሷ አላወቀችም ብለሽ ታስቢ ይሆናል። አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንድ ውሻ ባለበት? አውቃለች። አውቃም ስትጠሯት ቡና ትመጣለች። ስለዚህ አንቺ የምትልኪው ዘይት ለእሷ ምን እንደሚመስላት አስቢ፤ የኔን አይበሉም፣ የነሱን ግን እንድበላ ይፈልጋሉ። እንዲህ ዓይነት ስጦታ ያጠግብ ይሆናል። ቀና አያደርግም።

ክርስቲያን ናት፣ እጸልይላታለሁም ብለሽ ነው የጻፍሽው፣ ስለዚህ መጽሐፉን እንክፈተው። ዮሐንስ 4ን ታውቂዋለሽ፣ የሳምራዊቷን ሴት። ብዙ ጊዜ ስንሰማው አምስት ባሎቿ ላይ ስለምንቸኩል መጀመሪያውን እናልፈዋለን። ጌታ ደክሞት ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጧል። ሴትየዋ ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ውኃ አጠጪኝ» ነው። ለመናት! ስብከት አልጀመረም፣ ምጽዋት አልሰጠም። ሴትየዋ ደነገጠች፤ አንተ አይሁዳዊ ሆነህ እኔን ሳምራዊቷን እንዴት መጠጥ ትለምናለህ አለችው። ወንጌላዊውም አይሁድ ከሳምራውያን ጋር አይተባበሩም ነበርና ብሎ ይጨምርበታል። ትንሽ ዝቅ ብለሽ ደግሞ አንብቢ፤ «መቅጃ የለህም፣ ጉድጓዱም ጥልቅ ነው» ትለዋለች። መቅጃ ከሌለው በምን ሊጠጣ ነበር? በእሷ እንስራ ነዋ። በናንተ ግቢ ቋንቋ፣ ስኒዋን ለመናት ማለት ነው።

እኔ ይህን ቦታ ሳነበው ጀበና ይዛ የመጣችብኝ ሴት ትታወሰኛለች። የሕይወት ውኃ በእጁ ያለ ጌታ ከእሷ ተቀባይ ለመሆን አላፈረም። እኔ በአንድ ጀበና አፈርኩ።

የሐዋርያት ሥራንም ተመልከቺ። ጴጥሮስ ኢዮጴ ሄዶ ማን ቤት እንዳረፈ ታስታውሻለሽ? ስምዖን የሚባል ቁርበት ፋቂ ቤት። ፋቂ! በኛ አገር ይህ ቃል ስድብ ሆኖ ስንት ሰው አንገት አስደፍቷል። በዚያ ዘመንም ቁርበት የሚፍቅ ሰው የሞተ እንስሳ ስለሚነካ የሚሸሹት ነበር። ታዲያ ጴጥሮስ «ማንንም ሰው ርኩስና የሚያስጸይፍ ነው እንዳልል እግዚአብሔር አሳየኝ» ያለበት ራእይ የመጣለት በዚያው ፋቂ ቤት ሰገነት ላይ ሆኖ ነው። እግዜር ቦታ ሲመርጥ ዝም ብሎ አይመርጥም እላለሁ እኔ። ያው ጴጥሮስ ደግሞ በኋላ አንጾኪያ ላይ ሰው ፈርቶ ካልተገረዙት ጋር መብላቱን ተወ፤ ቀስ ብሎ ከማዕዱ አፈገፈገ። ጳውሎስ በሁሉም ፊት ገሠጸው፤ ገላትያ 2 ላይ አለልሽ። ጴጥሮስ ማንንም አልሰደበም እኮ። ዝም ብሎ ከማዕድ ራቀ፣ ያ ብቻ። ዝም ብያለሁ ስትዪኝ እሱ ነው ትዝ ያለኝ። መቼም ሐዋርያ ከወደቀበት ጉድጓድ አንቺ ብትወድቂ አይገርምም፣ ግን ጉድጓድ መሆኑን እንወቅ።

አንድ ሌላ ነገር። ክርስቲያን ናት፣ ማተብ አላት ብለሻል። እንግዲህ ሁለታችሁም ብትቆርቡ ከአንድ ጽዋ፣ በአንድ እርፈ መስቀል ነው የምትቀበሉት። እሑድ ጠዋት አንድ ጽዋ፣ እሑድ ከሰዓት ሁለት ዓይነት ስኒ። እኔ ሊቅ አይደለሁም፣ ይህን ግን የንስሐ አባትሽን ብትጠይቂያቸው እሳቸውም የሚያመልጡበት አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ስለ አዴ ልናገር። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ መስመር ሰጥተሻቸው አለፍሽ፣ እኔ ግን ልቤ እሳቸው ላይ ቀርቷል። ወንበዴ ደብድቦ የጣለውን ሰው ካህኑም ሌዋዊውም አይተውት አለፉ፣ ያነሣው ሃይማኖቱ የተለየው ሳምራዊ ነበር። ጌታ ታሪኩን ጨርሶ ባልንጀራ የሆነው ማንኛው ነው ሲለው፣ ያ ሕግ አዋቂ «ሳምራዊው» ለማለት እንኳ አፉ አልታዘዘለትም። «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ ዞረ። እናንተ ግቢ ውስጥ ማተብ ያሰርን ሁሉ በጥግ ክፍሏ በር ስናልፍ ገብተው ቡናዋን የሚጠጡት አዴ ናቸው። ጅማ ያደግን ሰዎች ከሙስሊም ጎረቤት ጋር በዓል ተከፋፍሎ፣ ለቅሶ አብሮ ተቀምጦ መኖር ብርቃችን አይደለም። ስለዚህ ሄደሽ ጠይቂያቸው፣ እርስዎ እንዴት ጀመሩ በያቸው። ከእኔ የተሻለ ይመክሩሻል።

ስለ «ዓይን» ደግሞ። ይህችን በአጭሩ። በየአገራችን ጥግ ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የሚሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ቡዳ ሲባል ኖሯል። በከፋ በአደን የኖሩት ማንጆ የሚባሉት፣ በጉራጌና በከምባታ በኩል ፉጋ የሚባሉት፣ ስሙ በየቦታው ይለዋወጣል፣ ስኒው ግን ያው የተለየ ስኒ ነው። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ባለ እጁን በሥራው አትስደቡ ብለው በአዋጅ አስነግረዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 24 ላይ የሰው ሁሉ ሰብዓዊ ክብር ይከበር ይላል። አዋጁም ሕጉም ጥሩ ናቸው፤ መስኮትሽ ላይ ያለችውን ስኒ ግን መጥተው አያነሷትም። ሕፃኑን በተመለከተ፣ ልጅሽ ቢያስቀምጠው፣ ቢያተኩሰው ወይም ትንፋሹ ቢፈጥን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የጎረቤት ዓይን ፍለጋ የባከነ ሰዓት ነው ሕፃን የሚጎዳው። ደግሞ ልብ በይ፣ ያ ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው፣ ጤነኛ ነው። ለአማትሽ ይህን መንገር ከፈለግሽ በክርክር ሳይሆን እንዲያው በጨዋታ መሀል ጣል አድርጊላቸው።

እሺ፣ ምን ላድርግ ላልሽው።

መጀመሪያ ቤቷ ሂጂ። ራስሽ፣ በእግርሽ፣ በቀን ብርሃን። ባዶ እጅ አይኬድምና ስኳር ያዢ፣ ወይ ግማሽ ኪሎ ቡና፤ ለማንኛዋም ጎረቤት እንደምትይዢው ማለት ነው። አሮጌ ልብስ እንዳትይዢ! ተቀመጪና «ቡና አፍዪልኝ» በያት። ታመነታለች። ምናልባት ስኒ ከሌላ ቦታ ልዋስ ትልሽ ይሆናል፣ በኔ ስኒ አትጠጣም ብላ። እዚያ ላይ ነው ሥራሽ። ያለሽን ስጪኝ በያት። አቦሉን ጠጥተሽ ልጄ አለቀሰ ብለሽ እንዳትሮጪ ደግሞ። ቶናውንም በረካውንም ጠጪ። ቆሎ ካቀረበች ዝገኚ።

ስለ ገንፎው ላንሳው ወይ? ተይው እላለሁ። አንቺን ይቀልሽ ይሆናል፣ እሷን ግን እንደገና ያቆስላታል። «ወልጄ ጠይቀሽኝ ሳላመሰግንሽ ቀረሁ፣ ይቅርታ» ብትያት ይበቃል። የቀረውን እሷ ትረዳዋለች።

ከዚያ፣ ይህ በጣም አስፈላጊ ነው፣ ግቢው ውስጥ ምንም ከማድረግሽ በፊት እሷን ጠይቂያት። ተከራይ ናት። አንቺ በጀግንነት ተነስተሽ ግቢውን ብታንጫጪው ክፍሏን ልቀቂ የምትባለው እሷ ናት፣ አንቺ አይደለሽም። «እንዲህ ላደርግ አስቤ ነበር፣ ምን ይመስልሻል?» በያት። አሁን ተይው ካለችሽ ተይው። ስለ እሷ እሷን ሳይጠይቁ መወሰንም የስኒው ታናሽ ወንድም ነው።

እሺ ካለችሽ፣ የቡናው ተራ ቤትሽ ሲደርስ ንግግር አታድርጊ። በጭራሽ። እኔ ንግግር አድርጌ አይቼዋለሁ፣ ሰው ጆሮውን ይዘጋል፣ ስለ አንቺም «ሰባኪ ሆነች» ተብሎ ወሬው ወደዚያ ይሄዳል። ስኒዎቹን ሁሉ አንድ ላይ እጠቢ፣ ቀይ አበባ ያለባትንም ጨምረሽ። ሁሉንም ረከቦቱ ላይ ደርድሪ። ከዚያ ያቺን የተሸረፈችዋን ለራስሽ አንሺና ጠጪባት። በቃ። የሚጠይቅ ካለ «ይህቺ የኔ ናት» በይ። እስቲ ያኔ ማን ምን እንደሚል እናያለን። አንዳንዷ ያልጠጣችውን ስኒ አስቀምጣ ትነሳ ይሆናል። ትነሳ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቡናሽ ጭር ሊል ይችላል፣ ይህን አልደብቅሽም። ሁሉም ይመለሳል ብዬም ቃል አልገባልሽም። አንዳንዱ አይመለስም።

አማትሽን ግን ቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ለብቻቸው፣ ምሳ በልተው አረፍ ሲሉ። በሰው ፊት ድንገት ካደረግሽባቸው ልክ ብትሆኚም ጥፋተኛ አንቺ ነሽ። «እማማ፣ እኔ ከእሷ ጋር ልጠጣ ነው፣ እርስዎን ልንቅ ብዬ አይደለም፣ እሑድ በቆምኩ ቁጥር ስለሚከብደኝ ነው» በያቸው። ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ። ቁጣቸውን በትዕግሥት ስሚ፣ እግራቸውን እንደ ወትሮው እጠቢ፣ ሐሳብሽን ግን አትቀይሪ። ሰው በሰባ ዓመቱ እምነቱን በአንድ ከሰዓት አይለውጥም፤ እሳቸው እንዲለወጡ መጠበቅ ግን ያንቺ መጀመሪያ ሊሆን አይችልም። ባልሽንም እንዲሁ። «ያልነካሽን አትንኪ» ላለሽ፣ ልጃችንን ነክቷታል በይው።

የልጅሽ ነገር ነው እንግዲህ። ሰባት ዓመቷ ነው፣ በሽታ አለባት ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው የጠየቀችው፤ ሰው ስኒ የሚለየው ለበሽተኛ ነዋ። መልስ አጣሁ አልሽኝ። መልሱ ቀላል ነው፣ የሚከብደው ማለቱ ነው፤ «የለባትም። እኛ ነን ያጠፋነው። ልናስተካክለው ነው።» እናት ለልጇ አጠፋሁ ስትል ልጅ አትንቃትም፣ እኔ ልጆቼን ብዙ ጊዜ ብያቸው አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ልጅቷን የዘይት ተላላኪ አታድርጊያት። አብራሽ ትሂድ።

እድሩን ለመጨረሻ አስቀመጥኩት፣ ምክንያቱም እሱ ብቻሽን አይሆንም። ሞልቷል ብለው በወሩ ሌላ ሰው ካስገቡ ውሸት ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። ጩኸት ሳታበዢ መተዳደሪያ ደንቡን አውጡልኝ በይ። አባል ነሽ፣ መብትሽ ነው። የእድር ደንብ ወርሃዊ መዋጮ፣ መኖሪያ፣ ቅጣት እንዲህ እንዲህ ይላል እንጂ የማን ዘር ነሽ የሚል እኔ አይቼ አላውቅም። ካገኘሽበት ግን ቁጭ ብለሽ በሁሉም ፊት ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ የጻፈውም ሰው ሲነበብ መስማት ይከብደዋል። ከሌለበት፣ «እኔ ዋስ እሆናታለሁ፣ መዝግቧት» በይ። ከመሄድሽ በፊት ሁለት ሴት ያዢ። ከዚያ ሁሉ አባል መሀል እንዳንቺ ሌሊት የሚያሳስባት ሌላ ሴት አትጠፋም፤ እሷም ብቻዬን ነኝ ብላ ዝም ብላለች። እድር ማለት መቼም ሰው ሲሞት ቀባሪ እንዳያጣ የተሠራ ነገር ነው። ይህችን ሴት ሞልቷል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሴቶቹ ራሳቸው ቢያስቡት ይደነግጣሉ።

ጸሎቱን አትተዪው። ግን ያዕቆብ በመልእክቱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ፤ «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ መሸኘት ምን ይጠቅማል ነው ያለው። ለእሷ ስትጸልዪ ለራስሽም ትንሽ ድፍረት ለምኚ፣ እኔም እለምንልሻለሁ።

ሐሙስ ገበያ ትውላለች ብለሻል፣ ዓርብ ጾም ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ሂጂ። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ፣ እዚህ ያላወጣሁት፣ የቤትሽ ጀበና አፉ ተሰብሯል፣ የት ጥሩ አገኛለሁ ብለሽም ጠይቀሽኛል። ሳቄ መጣ። ከእሷ ግዢያ! በዋጋ አትከራከሪያት። ምናልባት ለጎረቤት አልሸጥም፣ ውሰጂው ትልሽ ይሆናል፤ እንደኔ ቦርሳ እንዳትከፍቺ፣ አመስግነሽ ውሰጂ። እንዴት እንደሚሟሽ ግን እኔን አትጠይቂኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ኖሬ አልሆነልኝም፣ የመጀመሪያው ቡና ሁሌ አፈር አፈር ይለኛል። እሷ ታሳይሽ። ከነገረችሽ ለኔም ጻፊልኝ።